የሥር ቁጥር

በጥር 2091 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የኖላዊት የሥር ቁጥር ስድሳ ስምንት መሆኑ ታወቀ። ቁጥሩን ቀድማ ያየችው ታናሽ እህቷ ኤፍራታ ናት። ጠዋት ደሙን የቀዳችውም እሷው ነበረች። ኤፍራታ በኮምቦልቻ ከተማ ደም ሰብሳቢ ናት፤ ሥራውን ከያዘች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ደም ሰብሳቢዎች ረቡዕ ረቡዕ ሙቀቱ ሳይበረታ ተነስተው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። የሰው ጣት ይወጋሉ፤ ከእያንዳንዱ ሰው ስድስት ጠብታ በትንሽ ብልቃጥ ይቀበላሉ፤ ብልቃጦቹን ደፍነው በሳጥን ይደረድራሉ። እኩለ ቀን ላይ ሰው አልባው በራሪ መጥቶ ሳጥኑን ደሙ ወደሚነበብበት ማዕከል ይወስዳል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቁጥሮቹ ይመጣሉ፤ በየቤቱ በር ላይ ያለችው መብራትም እንደ ቁጥሩ ቀለሟን ትለውጣለች። ከአርባ በታች አረንጓዴ፣ ከአርባ እስከ ሰባ ቢጫ፣ ከሰባ በላይ ነጭ። ቀይ ያልተደረገው ሰው እንዳይደነግጥ ነው ተብሏል።

የመቅኔ ካንሰር በዚያ ቀጠና ከአራት ቤት አንዱን ነክቷል። በሽታው አጥንት ውስጥ ሲሰፋ የሚመግበውን የደም ሥር አብሮ ያበቅላል፤ ምን ያህል ሥር እንደበቀለም ከደም ይታወቃል። ወገብ ሳይቆርጥ፣ ጎን ሳይሰበር፣ ቁጥሩ ቀድሞ ይናገራል። በመንገድ ላይ ሰዎች ተቃቅፈው "ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና ናቸው?" ከተባባሉ በኋላ "ሥርህስ?" ይባባላሉ። ቢጫ መብራት ያለበትን ሰው ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ማንም አይሰጠውም። ልጅ ሲዳርም ሽማግሌዎች መጀመሪያ ቀና ብለው የሚያዩት በሩን ነው።

የበቀለውን ሥር የሚያደርቅ ክኒን አለ። ሕዝቡ "አድርቅ" ይለዋል። ለሁሉ ስለማይበቃ ደንብ ወጥቶለታል። ከአርባ በታች ለሆነ አይሰጥም፤ አያስፈልገውም። ሁለት ረቡዕ በተከታታይ ከሰባ በላይ ለተነበበም አይሰጥም፤ አይጠቅመውም። እንዲህ ያለው ሰው "ወደ እንክብካቤ ተዛወረ" ይባላል። እንክብካቤ ማለት የሕመም ማስታገሻና በወር አንድ ጊዜ ደውሎ "እንዴት ነዎት?" የሚል ድምፅ ነው።

ኤፍራታ ይህን ከደንቡ አልነበረም ያወቀችው። ባሏ ጌዴዎን የሞተው በዚሁ በሽታ ነው። ሰባ ሁለት፣ በሳምንቱ ሰባ አምስት። ደሙን ሁለቱንም ጊዜ በገዛ እጇ ቀድታለች። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖረ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሰው ሊያገላብጠው ሲነካው አጥንቱ ይሰበር ነበር። ድምፁ ግን በየወሩ በሰዓቱ ደወለ፤ ከተቀበረ በኋላም አንድ ጊዜ ደውሏል።

ጌዴዎን ካረፈ ጀምሮ ሁለቱ እህትማማቾች ከእናታቸው በወረሱት ቤት አብረው ይኖራሉ። ኖላዊት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ መብራቷ ቢጫ ከሆነ ወዲህ የፈተና ክፍል ነስተዋት ሰባተኛ ክፍል ብቻ ታስተምራለች። ንግግሯ አጭር ነው። ስድሳ ስምንቱን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና "ሁለት ቀረኝ" አለች። ወዲያው የተማሪዎቿን ደብተር ማረሟን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ኤፍራታ ዙሯን ከመጀመሯ በፊት የእህቷን ጣት ወጋች። አራት ጠብታ ተቀበለችና ጥጡን ሰጠቻት።

"ይበቃል?" አለች ኖላዊት።

"ይበቃል።"

ኤፍራታ ብልቃጧን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ የራሷን ጣት ወግታ ሁለት ጠብታ ጨመረችበት። የራሷ ቁጥር ዘጠኝ ነው። የደም ዓይነታቸውም አንድ ስለሆነ ደሙ አይረጋም። የማዕከሉ ማሽን የባለቤቱ ምልክት ብልቃጡ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጣል እንጂ የሌላ ሰው ምልክት አለመኖሩን አይጠይቅም። ይህን አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ያውቃል። የደም ሰብሳቢዎች ሁሉ ምስጢር ነው፤ አንዱም ግን ለሌላው ተናግሮ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሩ መጣ፦ አርባ ዘጠኝ።

ኤፍራታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የጎረቤት ሰዎች "እንኳን ደስ አላችሁ" እያሉ ገቡ። የእድሩ ጸሐፊ የኖላዊትን ስም የለቅሶ ድንኳን አስቀድሞ ከሚለካላቸው "ተጠባባቂዎች" መዝገብ መሰረዙን ራሱ መጥቶ ነገራቸው። ኖላዊት ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። እንግዶቹ ሲወጡ ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

በሁለተኛው ሳምንት ሃምሳ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ኤፍራታ ደፈረችና ግማሽ በግማሽ አደረገችው፤ ሦስት ከእህቷ፣ ሦስት ከራሷ። አርባ ሁለት መጣ። ከዚህ በታች እንዳይወርድ ትጠነቀቃለች፤ አርባን ከሳተ ክኒኑ ይቀራል። የእህቷን ቁጥር እንደ ወጥ ጨው እየቀመሰች ታስተካክለዋለች።

አንድ ያላሰበችው ነገር ነበር። ማዕከሉ ቁጥሩ ሲወርድ አይቶ የኖላዊትን ክኒን ከሦስት ፍሬ ወደ አንድ ዝቅ አደረገው። መልእክቱ ሲደርስ ኤፍራታ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበችው። ቁጥሩን መልሳ ከፍ ብታደርገው ኖሮ ክኒኑ ይመለስ ነበር፤ ግን የእህቷ እውነተኛ ቁጥር ስንት እንደደረሰ ለማስላት አልደፈረችም። ከራሷ የምትቀንሰው አንድ ጠብታ እህቷን ከሰባ በላይ ይጥላት እንደሆነስ? መሃል ላይ ቆመች። ቀኖቹ እየሄዱ ነው፤ እሷም ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጣቷን እየወጋች ቁጥሩን ከአርባ ትንሽ ከፍ አድርጋ ታወጣለች።

የካቲት አጋማሽ ላይ ኤፍራታ ጋሽ እድሪስ ቤት ገባች። ጋሽ እድሪስ የስድሳ አንድ ዓመት አናጢ ናቸው፤ ከልጃቸው ከሂክማ ጋር ይኖራሉ። የእርሳቸውም መብራት ቢጫ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአርባ ሦስትና ከአርባ አራት ወጥቶ አያውቅም። አድርቅ የሚባለው ክኒን ለማን ተሠራ ቢባል ለእርሳቸው ነው የሚያሰኝ ሰው ነበሩ። ገና ጣታቸውን ሳትይዝ ደብዳቤ ዘረጉላት።

"አንብቢልኝ እስቲ። ልጄ አንብባልኛለች፤ ያንቺን አፍ ግን ልስማ። ከሦስት ወደ አንድ አወረዱልኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ሊሻለኝ ነው መሰል።"

ኤፍራታ አነበበች። "በአሥራ አራተኛው ምድብ ያሉ አንድ ታካሚ በአነስተኛ መጠን የተሻለ ውጤት ማሳየታቸው ስለተረጋገጠ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ለምድቡ አባላት በሙሉ የሚሰጠው መጠን በቀን አንድ ፍሬ እንዲሆን ተወስኗል።"

አሥራ አራተኛው ምድብ። ማዕከሉ ክኒኑን የሚወስዱትን በትንንሽ ምድብ ከፋፍሏቸዋል፤ ኖላዊትም የዚያው ምድብ ናት።

"ምነው ዝም አልሽ?" አሉ ጋሽ እድሪስ።

"ምንም… ጽሑፉ ደቃቅ ሆኖብኝ ነው።"

"እንኳን ያንቺ የኔም ዓይን አይቶታል" ብለው ሳቁና ጣታቸውን ሰጧት።

በዚያ ቀን የጋሽ እድሪስ ቁጥር አርባ አራት ነበር። በሳምንቱ ሃምሳ ሁለት ሆነ። በሚቀጥለው ስድሳ አንድ። በዚያው ሰሞን ጣውላ ሲያነሱ ሁለት የጎን አጥንት ተሰበረባቸው፤ ኤፍራታ ስትገባ ትራስ አቅፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው። በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳሉ። ሂክማ ከበሩ አጠገብ ቆማ "እትዬ ኤፍራታ፣ ሌሎቹም እንዲህ ሆነዋል?" ብላ ጠየቀቻት። ኤፍራታ "አላውቅም" አለች። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ከምድቡ አሥራ አንድ ሰዎች የምታውቀው ሁለቱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ወደ ማዕከሉ ሄደች። ኃላፊዋ አቶ ተሰማ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ እንደ ዘመኑ ወጣቶች የቅድመ አያት ስም የወጣለት። ሥራውን ይወዳል፤ ለሰብሳቢዎቹም ያዝናል ይባላል።

"እትዬ ኤፍራታ! ይቀመጡ። እህትዎ እኮ አኮራችን" አላት።

"አቶ ተሰማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአንድ ሰው ቁጥር ቢሳሳት… የምድቡን መጠን ሊለውጥ ይችላል?"

"አንድ ሰው ብቻውን አይለውጥም። ግን ከሁሉ የተሻለውን ሰው ይከተላል። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ አንዱ በትንሹ ከዳነ ሌሎቹም ይሞከሩበታል።"

"ቢሳሳትስ አልኩዎት?"

ተሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ማረሚያ ቅጽ አለ። የሚሞላው ግን ባለደሙ ነው። እርስዎ አይችሉም፣ እኔም አልችልም። ባለደሙ ይፈርማል፣ ስህተቱ ከምን እንደመጣ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ንጹሕ ደም ይሰጣል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማንን እንደሚያስቡ አልጠየቅኩዎትም። አይንገሩኝም።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኖላዊት በረንዳ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። መነሳትና መቀመጥ ከብዷት ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ኤፍራታ ዱካ ስባ ከፊቷ ተቀመጠች።

"እታለም፣ የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ስለ ደሙ ከሆነ አውቀዋለሁ።"

ኤፍራታ ዱካውን ወደ እሷ አስጠጋች።

"ስድስት የነበረው ጠብታ አራት ሆነ፤ ከዚያ ሦስት። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የማልቆጥር መስሎሽ ነው? የምታመጪው አማካይ ነው።" ቀጥላ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ዓይኗን ወደ ግቢው ጣለች። "አርባ አምስት እጥፉ ዘጠና። ያንቺ ዘጠኝ ሲቀነስ ሰማንያ አንድ። እሱም ያለፈው ረቡዕ ነው።"

"አውቀሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"መኖር ስለምፈልግ ነዋ" አለች ኖላዊት። "ጌዴዎንን እኮ እኔም አገላብጬዋለሁ።"

ኤፍራታ ዋናውን ነገር ገና አልተናገረችም። ምድቡን፣ ደብዳቤውን፣ የክኒኑን መቀነስ፣ የጋሽ እድሪስን ጎን፣ ማረሚያ ቅጹን ነገረቻት። እያወራች ሳለ የእህቷ ፊት ሲለወጥ አየች። ይህን ኖላዊት አላወቀችም ነበር።

"ስንት ሰው ነው?"

"ካንቺ ሌላ አሥር።"

"እድሪስ ያልሽው አናጢው ነው? በትምህርት ቤቱ የኔን ክፍል በር የገጠመው?"

"አዎ።"

ኖላዊት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ታይ ጀመር። ለዓመታት ረቡዕ ረቡዕ የተወጋው ጣት ጫፉ ጠቁሯል።

"አሥር በአንድ" አለች በመጨረሻ። "ሰባተኛ ክፍል ብሰጠው ማንም የሚስተው የለም።"

"እታለም፣ ቅጹን እኔ አመጣዋለሁ፣ አንቺ ብቻ—"

"ሒሳቡ ቀላል ነው አልኩሽ እንጂ እሠራዋለሁ አላልኩሽም።" ፊቷን አዞረች። "ይኼን ነገር ከመጀመርሽ በፊት ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? እምቢ እልሽ ነበር። ያኔ እምቢ ማለት ቀላል ነበር፤ የሚሞተው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን መጥተሽ ወይ ሙቺ ወይ ግደይ ትዪኛለሽ? አልፈርምም። ተነሺልኝ ከፊቴ።"

ኤፍራታ ተነሳች። እስከ ረቡዕ ድረስ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ምግብ ታቀርብላታለች፤ ኖላዊት ትበላለች፤ ኤፍራታ ሳህኑን ታነሳለች። ረቡዕ ጠዋት ኖላዊት ፊቷን ሳታዞር ጣቷን ዘረጋች። ኤፍራታ ስንት ጠብታ እንደምትቀበል አልጠየቀችም፣ ኖላዊትም አልነገረቻትም። ሦስት ወሰደች።

የዚያን ዕለት የጋሽ እድሪስ ቁጥር ሰባ ሁለት መጣ። መብራታቸው ነጭ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ኤፍራታ ከገበያ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። የእህቷ ምርኩዝ በቦታው የለም። ሰፈሩን ዞራ ልትፈልጋት ስትወጣ ኖላዊት አጥሩን ይዛ ስትመጣ አየቻት፤ ፊቷ በላብ ርሷል፤ እየተራመደች ታቃስታለች። ኤፍራታ ሮጣ ደገፈቻት።

"የት ሄድሽ እንዲህ ሆነሽ?"

"እድሪስ ቤት።"

"ገባሽ?"

"አልገባሁም። ከመንገድ ማዶ ቆምኩ። የእድሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ በገመድ ይለካሉ፤ ድንኳኑ ይገባ እንደሆነ። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። አንዱን ገመዱ ሲያጥረው 'በዚያ በኩል ያዘው፣ በዚያ በኩል ይሻላል' ይለዋል።" ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። "ቅጹን አምጪው።"

ኖላዊት ቅጹን የሞላችው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ በምትጽፍበት በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቷ ነው። "የስህተቱ ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ "እኔና እህቴ ደማችንን ቀላቅለናል" ብላ ጻፈች። ኤፍራታ "አንቺ እኮ አልቀላቀልሽም" ብትላት "ጣቴን ዘርግቻለሁ" አለቻት።

ጋሽ እድሪስን ለማዳን የቀረው አንድ ረቡዕ ብቻ ነበር። ኤፍራታ አንድ ሌላ ነገርም አሰበች፤ ማሰቧንም በኋላ አልደበቀችም። የጋሽ እድሪስን ብልቃጥ በራሷ ደም ብታቀጥነው ከሰባ በታች ይወርድላቸው ነበር። ነገር ግን የእርሳቸው የደም ዓይነት ሌላ ነው፤ ቢቀላቀል ይረጋል፣ ማሽኑ የረጋ ደም ሲያገኝ ደግሞ ሳያነብ ያለፈውን ቁጥር ይደግማል። ሰባ ሁለት ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ረቡዕ ከሁለቱም ስድስት ስድስት ጠብታ ወሰደች። ከእህቷ ስድስት፣ ከጋሽ እድሪስ ስድስት። ማንንም ከማንም አልቀላቀለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ መጡ። ኖላዊት ዘጠና አራት። ጋሽ እድሪስ ሰባ አራት።

ኤፍራታ ወደ ማዕከሉ የደረሰችው እየሮጠች ነው። ተሰማ ቅጹን ይዞ ይጠብቃት ነበር።

"ቅጹን ተቀብለናል" አላት። "የምድቡ መጠን ይታያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሦስት ፍሬ ይመለሳል።"

"ጋሽ እድሪስስ?"

"ሁለት ረቡዕ ከሰባ በላይ ተነብበዋል።"

"የተነበቡት እኮ በኛ ምክንያት ነው! ክኒናቸው ስለተቀነሰ ነው! ወረቀቱ ላይ ተጽፏል አይደል እንዴ?"

"ማረሚያው መጠንን ያርማል። የተዛወረን ሰው አይመልስም። እንዲህ ያለ ቦታ ቅጹ ላይ የለውም።" ተሰማ ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን አሳያት፤ ባዶ ነው። "ፈልጌያለሁ፣ እትዬ ኤፍራታ። ከጠዋት ጀምሬ ስፈልግ ነው የዋልኩት።"

ከዚያ ቦርሳዋንና የደረት ምልክቷን ጠየቃት። ሰጠችው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ተረከበ። ስትወጣ ተከትሏት እስከ በሩ መጣና ተመለሰ።

ያለፈው ረቡዕ ቁጥሯም በማረሚያው ስለታረመ የኖላዊት ክኒን በዚያው ሳምንት ቆመ። በምድቡ የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች በሚያዝያ መጀመሪያ ሦስት ሦስት ፍሬያቸውን መልሰው መውሰድ ጀመሩ። ቁጥራቸው ወረደ ተብሎ ኤፍራታ ሰምታለች። ማን እንደሆኑ አላወቀችም። በገበያ መሃል ስትሄድ ቢጫ መብራት ካለበት በር የሚወጣ ሰው ካየች ቆም ትልና ታየዋለች።

ጋሽ እድሪስ ቤት የሄደችው በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ሂክማ በር ከፍታ "ሌላ ሰብሳቢ ተመደበልን አሉ፤ ደግሞስ አሁን ምን የሚለካ አለ?" አለቻት። ኤፍራታ አባቷን ማናገር እንደምትፈልግ ነገረቻትና ገባች። ጋሽ እድሪስ ከሳሎኑ አልጋ ተዘርግቶላቸዋል። ከአልጋው አጠገብ ቆማ፣ ቁጭ እንድትል ሲጋብዟት እምቢ ብላ፣ ከጥር ጀምሮ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። የመጀመሪያውን ረቡዕ፣ አራቱን ጠብታ፣ ደብዳቤውን ያነበበችላቸውን ቀን፣ እህቷ እምቢ ያለችበትን ሳምንት። ሂክማ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ታሪኩ ሲያልቅ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከዚያ እንጨት ሲፈለጥ ይሰማ ጀመር።

ጋሽ እድሪስ ጣሪያውን ያያሉ።

"እህትሽ አለች?" አሉ።

"አለች። መነሳት ግን አትችልም።"

"አድርቁን አቋረጡባት?"

"አቋረጡባት።"

"ሕመሙ ሲመጣ ጉልበቷ ሥር ትራስ አድርጊላት። እኔ እንዲያ ነው የሚሻለኝ።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "ልጄ፣ ይቅር ልልሽ አስቤ ነበር። ስታወሪ ሳለ አስቤው ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። በአፌ ብቻ ብዬው ከልቤ ካልወጣ ደግሞ ምን ይሠራልሻል? ነገ ተመለሺ።"

በማግስቱ ተመለሰች። ጋሽ እድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዛሬም የለም" አሉ። እሷም ከመሄዷ በፊት አንሶላቸውን አስተካክላ፣ ውሃቸውን ሞልታ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሂክማ ብቻዋን ልታገላብጣቸው ስትታገል አግኝታ አገዘቻት። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰው መሃላቸው ይዘው አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሂክማ ከዚያን ቀን በኋላም አላናገረቻትም፤ በሩን ግን አልዘጋችባትም። ኤፍራታ ጠዋት እህቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትራሱን ጉልበቷ ሥር ታደርጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት አስቀምጣ ጋሽ እድሪስ ቤት ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ኖላዊት ትጠይቃታለች፦

"ምን አለሽ?"

"ነገ ተመለሺ አሉኝ።"

"ደግ ሰው ነው" ትላለች ኖላዊት። አንድ ቀን ግን "እኔንስ ይቅር ይለኛል?" ብላ ጠየቀች። ኤፍራታ ጋሽ እድሪስን ልትጠይቅላት አልደፈረችም።

ኖላዊት ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት አረፈች። ከመሞቷ በፊት በነበሩት አራት ቀናት ጭኗ ከሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር ማስታገሻው አልበቃትም፤ ስትጮህ የነበረውን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ድንኳኑ አስቀድሞ ስለተለካ ወዲያው ተተከለ። ተማሪዎቿ መጡ፤ ብዙዎቹ ልጅ የወለዱ ናቸው። ተሰማም መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ሄደ።

በቀብሩ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኤፍራታ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ከድንኳኑ ወጣች። ሴቶቹ "ወዴት ነው? ሐዘንተኛ እኮ ከቤቱ አይወጣም" ብለው ሊይዟት ሞከሩ። እመለሳለሁ አለቻቸው።

ጋሽ እድሪስ ከግማሽ በላይ ከስተዋል። ዓይናቸውን ገልጠው ነጠላዋን አዩ።

"መቼ?"

"ትናንት ቀበርናት።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ሲንቀሳቀስ ቆየ። "ታዲያ አንቺ ለቅሶ ላይ መሆን ሲገባሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ነገ ተመለሺ ብለውኝ ነበር።"

ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሂክማ ከወዲያ ማዶ ልብስ ስታጥፍ ቆየችና አቆመች፤ አባቷን ትመለከታለች።

"ዛሬም አልመጣልኝም" አሉ ጋሽ እድሪስ።

ኤፍራታ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ በሩ ዞረች።

"የት ትሄጃለሽ?" አሏት። "ሐዘንተኛ ቆሞ አይወጣም ከኔ ቤት። ሂክማ፣ ወንበር አምጪላት።"

ሂክማ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። ወንበሩን አመጣችና ከአልጋው አጠገብ አደረገችው። ኤፍራታ ተቀመጠች።